ዝቅ ያለችው መዳፍ

በመስቃን ገጠር ውሻ የማይጮህባት እንግዳ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከድጄ ሽፋ። ኢሕአዴግ ከገባበት ዓመት ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከቤት ቤት እየዞረች አንድ ዓይነት ጥያቄ ስትጠይቅ ኖራለችና ውሾቹ ሳይቀሩ ለምደዋታል። ካለፈው ዙር ወዲህ በዚህ ቤት የተወለደ አለ? የገባ አለ? የወጣ አለ? የሞተ አለ? ልደትና ሞትን የሚመዘግብ የጤና ጥናት በአካባቢው ይካሄድ ነበር፤ እሷም ከቆጣሪዎቹ አንዷ ናት። የሞተ ሰው ያለ እንደሆነ ሐዘኑ በረድ እስኪል ትጠብቅና ረዥሙን ቅጽ ይዛ ትመለሳለች። ሟቹ ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? እግሩ አብጦ ነበር? አንድ ጎኑ ዝሎ ነበር? ያመመው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሐዘንተኛው እያለቀሰ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች፣ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ቅጹን አንብበው ሰውየው የሞተበትን ምክንያት ይወስናሉ።

እኔ ግሩም እባላለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ በ1996 ዓ.ም. ጤና መኮንን ሆኜ ቡታጅራ ተመደብኩ። የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ስሙ ይቅር፤ ጥፋት ካለ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከድጄ ቅጾቿን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ጭቃ የጠጣ ሸራ ጫማዋን እየጎተተች በግቢያችን ስታልፍ ባየኋት ቁጥር መልከፍ እወድ ነበር።

«እትዬ ከድጄ፣ እናንተ እኮ ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ ነው የምትደርሱት» አልኳት አንድ ቀን።

«እናንተስ ከቀብር በፊት ደርሳችሁ ምን አደረጋችሁ?» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች። በረኛው ሳይቀር ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ለከፋውን ተውኩት፤ ሥራዋን ግን አሁንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1998 ኅዳር ላይ ነው። ከድጄ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያው ሸምሶ ነው፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ የበርበሬ ገበሬ። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው። ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው የሚለውን ዘመድ ሁሉ እምቢ ብሎ፣ እሷም አልሄድም ብላ ስታለቅስ በጋሪ ጭኖ ትምህርት ቤት ያስገባት፣ እስከ አሥረኛ ክፍልም ያስተማራት እሱ ነው። እሷም አንድም ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ጋሼ ነው የምትለው።

የዚያን ዓመት በርበሬ ጥሩ ያዘ። ተለቅሞ ደርቆ ካለቀ በኋላ ሸምሶ ጎረቤቱን ለምስጋና ዱአ ጠራ። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው በክብ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል ሆኑ፤ ሼህ ሳኒ የሚባሉት አዛውንት ዱአውን ይመሩ ጀመር። ሁሉም ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሚን ይላል። ከድጄ ግን ዓይኗን አልጨፈነችም። ይህን እሷው ናት የነገረችኝ፤ ለምን እንዳልጨፈነች መጠየቅ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ያየችው ይኸ ነው። የሸምሶ ግራ መዳፍ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ዘወር አለች። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች፣ ወረደችና ጉልበቱ ላይ አረፈች። ቀኝ እጁ እንደተዘረጋ ነው። እሱ ራሱ አላወቀም፤ ሁለቱንም እጆቹን የዘረጋ መስሎት አሚን ማለቱን ቀጥሏል። የሚቀጥለው አሚን ግን ከአፉ ተኮላትፎ ወጣ።

ከድጄ ብድግ ብላ በወንዶቹ መሃል ሰንጥቃ ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ፊቱ ተንበርክካ «ጋሼ፣ እስቲ ሳቅልኝ» አለችው። ሸምሶ ግራ ገብቶት ፈገግ አለ፤ የሳቀው ግን ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር።

«ምርቃና ነው፣ ተዪው!» አለ አንዱ ጎረቤት። የሸምሶ ሚስት ሳሌሃ ውኃ በኩባያ ይዛ መጣች። ከድጄ ኩባያውን ነጠቀቻት። «ምንም እንዳይቀምስ! ወደ ሳንባው ነው የሚገባው» ብላ ሰዓቷን አየችና የቆጣሪ ነገር ሆኖባት እስክሪብቶዋን አውጥታ መዳፏ ላይ ጻፈች፦ ዘጠኝ ከሃያ።

ሼህ ሳኒ ዱአውን አረዘሙት። ቤቱ ሁሉ በአሚን ተናወጠ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዳለፈ የሸምሶ ግራ እጅ ተንቀሳቀሰች፤ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እጁን ከራሱ በላይ አነሣት። አፉም ቀና። ያን ጊዜ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ያዩት ሰዎች ራሳቸው ሲነግሩኝ እንባቸው ይመጣ ነበር። ወንዶቹ አልሀምዱሊላህ አሉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሳሌሃ እየሮጠች ወጥታ ለምስጋና የሚታረደውን በግ ትመርጥ ጀመር።

«በግ አይታረድም!» ብላ ጮኸች ከድጄ። ሰው ተቀየማት። በገዛ ወንድሟ መዳን የተከፋች ነው የመሰላቸው።

እሷ ግን ጋሪ አስጠምዳ ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሸምሶ ድኛለሁ፣ የትም አልሄድም አለ። «ትምህርት ቤት ስትወስደኝ እኔም አልሄድም ብዬ አልቅሼ ነበር፤ ሰምተኸኛል እንዴ?» አለችው። ሸምሶ ሳቀ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ተሳፈረ።

እኔ ዘንድ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ጋዎኔን አውልቄ ልወጣ ነበር። ሸምሶ በእግሩ ገባ፣ አሰላሙ አለይኩም ብሎ ጨበጠኝ፤ አጨባበጡ አጥንቴን አሳመመኝ። የታመመው የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ፊቱን አየሁ፣ ደህና ነው። ሁለቱንም እጆቹን አስጨበጥኩት፣ ብርቱ ናቸው። አራመድኩት፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። የደም ግፊቱን ስለካው መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ሆነ።

«ግፊት አለብዎት፣ ጋሽ ሸምሶ። ክኒን እጽፋለሁ፤ ሰኞ ተመልሰው ይምጡ» አልኩ። ሐሙስ ነበር።

ከድጄ መዳፏን ዘርግታ ጽሑፉን አሳየችኝ። «ዘጠኝ ከሃያ ላይ ግራ እጁ ወረደ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ተመለሰ» አለች። «እንዲህ ጨብጠህ አይታይም፣ ዶክተር። ዱአ ያድርግ።»

«እዚህ ጤና ጣቢያ ነው፣ እትዬ ከድጄ» አልኳት። ይቺን ንግግሬን ባስታወስኳት ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

«አውቃለሁ ጤና ጣቢያ መሆኑን። ሁለት መዳፉን ወደ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ እይ።»

ሸምሶ የታዘዘውን አደረገ። ሁለት ትልልቅ፣ በበርበሬ የቀሉ መዳፎቹን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩም ልማድ ሆኖበት ይንቀሳቀስ ጀመር። እኔ እሷን ለማስደሰት ያህል በልቤ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀኙ አልተነቃነቀም። ስድስት፣ ሰባት። ሰባት ላይ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ፈንጠር አለች። መዳፉ ውኃ ይዞ ቀስ ብሎ እንደሚያፈስ ሰው ወደ ውስጥ ዞረች፤ ጣት በማትሞላ ልክ ዝቅ አለች፣ እዚያው ቆመች።

«አልቋል?» አለ ሸምሶ ዓይኑን እንደጨፈነ። ምንም አልተሰማውም።

ይህን ምርመራ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። ክንድን መዘርጋት፣ መዳፍን ወደ ሰማይ፣ ዓይንን መጨፈን፣ አሥር መቁጠር። ዓይን ሲያይ ደካማውን እጅ ይደግፈዋል፤ ሲጨፈን ግን አንጎል ክንዱን ብቻውን መያዝ አለበት፣ ያኔ የተጎዳው ጎን ራሱን ያጋልጣል። እኔ በመጽሐፍ የተማርኩትንና ቸኩዬ የዘለልኩትን ነገር ይህ አገር በየሳምንቱ፣ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ሲያደርገው ኖሯል። ማየት ብቻ ነው የጎደለው። አንዲት ሴት ደግሞ አየችው።

ጋዎኔን መልሼ ለበስኩ። «ጋሽ ሸምሶ፣ ይኼ ስትሮክ የሚባለው በሽታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወደ አንጎልዎ የሚሄደው ደም ለትንሽ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ዛሬ እዚህ ያድራሉ፣ ነገ አዲስ አበባ ሄደው ጭንቅላትዎን በመሣሪያ ይነሣሉ» አልኩት።

ሸምሶ ፊቱ ተለወጠ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ፈርቶ ነበር፣ ግን በሽታውን አይደለም የፈራው። «ልጄ» አለኝ፣ «እኔን ዱአው አድኖኛል። ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። አሁን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ብዞር አላህ የሰጠኝን አላመንኩም ማለት አይሆንም?»

ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። ከድጄ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ አቀማመጧ ሐዘንተኛ ቤት ቅጽ ስትሞላ እንደምትቀመጠው ነበር።

«ጋሼ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞተ ሰው ቤት ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ስም አልነግርህም፤ ስም ላልናገር ምያለሁ። ሰባት ሰው ግን ልንገርህ። አንዱ ሲያርስ እርፉ ከእጁ አመለጠው፤ ጥቂት አረፈና መልሶ ያዘው፣ ማሳውንም ጨረሰ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። አንዷ እንሰት ስትፍቅ መፋቂያው ከእጇ ወደቀ፤ እጇን አሹላት፣ ተሻላት። በሳምንቷ ሞተች። አንዱ ገበያ መሃል አፉ ተጣመመ፤ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸቱበት፣ አፉ ቀና። እሱም ሞተ።» እንዲህ እያለች ስድስቱን ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። «ሰባተኛው ዱአ ላይ እጁ ወረደ። ተመለሰ። በግ ታረደ። በሦስተኛው ቀን ቀበሩት።»

«ሰባቱም ቤት አንድ ቃል ነው የሚነግሩኝ» አለች፤ «ድኖ ነበር እኮ ይሉኛል። ቅጹ ላይ ድኖ ነበር እኮ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እኔ ግን ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ። አለቃዬ ቅጹን አታበላሺ እያለ ይቆጣኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።»

ሸምሶ መሬት መሬት ያያል።

«ዱአው አላደረገልህም አልልህም፣ ጋሼ፤ ወላሂ አልልም። እጅህን ያሳየኝ ዱአው ነው። መዳፍህን ባታነሣ ኖሮ ማን ያይልህ ነበር? አላህ ያሳየኝን አላየሁም ልበል?»

ሸምሶ ከመሬት ቀና አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ክኒኑ የታለ?» አለኝ።

ለዚህ በሽታ የሚሆነው ክኒን ግን ወዲያው አይሰጥም ነበር፤ ይህን ማስረዳት ከሁሉ ከበደኝ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ደም ረግቶ መንገዱን ይዘጋል፣ ወይ የደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ለረጋው አስፕሪን መድኃኒት ነው፤ ለፈሰሰው አስፕሪን ገዳይ ነው። ከውጭ ቢታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ነው፣ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነው ያለው። እጁ ቶሎ መመለሱ የረጋ ደም እንደሆነ ይጠቁማል፤ ያቺ ጣት የማትሞላ ዝቅታ ግን አላስተማመነችኝም። ከድጄ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ሰምታ ለወንድሟ በጉራግኛ ስትነግረው ከእኔ ይልቅ አጭርና ግልጽ ነበር።

ጣቱን ወጋሁና ስኳሩን ለካሁ፤ የስኳር ማነስም እጅ ያዝላል፣ እሱ ደግሞ ጫት እንጂ እህል አልቀመሰም ነበር። ደህና ሆነ። ልቡን ረዥም ጊዜ አዳመጥኩ፤ ምቱ እኩል ነው። በዚያ ዘመን ከፍ ያለ ግፊት ባየን ቁጥር ፈጥኖ የሚያወርድ መድኃኒት ምላስ ሥር ጠብ የማድረግ ልማድ ነበረን። የመድኃኒቱን ፍሬ ከመሳቢያው አወጣሁ፣ እጄ ላይ ይዤ ትንሽ ቆየሁ፣ መልሼ አስቀመጥኳት። ደም የተጠማ አንጎል ላይ ግፊቱን ባንዴ ብጥለው ያንኑ የቀረውን ደም መንፈጌ ነው። ቀና አድርጌ አስቀምጬው አንድ ማንኪያ ውኃ ሰጠሁት፤ አላሳለውም፣ ድምፁም አልተለወጠም። ያን ጊዜ ሳሌሃ ተከትላቸው መጥታ ከቤት ያመጣችውን ምግብ እንዲበላ ፈቀድኩ። ከድጄ ይህን ስታይ «አየህ? የውኃውንም ነገር ከሰባቱ በአንዱ ቤት ነው የሰማሁት» አለችኝ።

ጠዋት ደብዳቤዬን ይዘው በሚኒባስ ሄዱ። እኔ የነገሩ መጨረሻ እስኪታወቅ ልቤ እዚያው አዲስ አበባ ሆኖ ነው የሠራሁት፤ መርፌ ስወጋ፣ ካርድ ስጽፍ ያቺ መዳፍ ከፊቴ አልጠፋችም።

መርካቶ ዘመድ ቤት አርፈው ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሲቲ ስካኑን ተነሣ፤ ፊልሙን አንብበው ደም አልፈሰሰም አሉ፣ አስፕሪኑ ያኔውኑ ተጀመረ። ቅዳሜ ሦስተኛው ቀን ነበር። ሸምሶ በኋላ እየሳቀ ሲነግረኝ ያን ቀን ከድጄ ውዱእ ሲያደርግ ጀሪካኑን ይዛ እጁን ታያለች፣ ሲበላ እጁን ታያለች፣ ሲያንቀላፋ ቀስቅሳ ጨብጠኝ ትለዋለች። «አላስተኛ አለችኝ እኮ! ሕፃን ሆና እንኳ እንዲህ አላስቸገረችኝም» አለኝ። መግሪብ ተሰግዶ ቀኑ ሲያልቅ ከድጄ ግድግዳ ተደግፋ እንደተቀመጠች ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ጣላት።

ፊልሙን አምጥተው ሰጡኝ፤ መስኮት ላይ ዘርግቼ አየሁት። የፈሰሰ ደም የለም። በቀኝ በኩል ግን የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች፣ የቆየች ጠባሳ። ከዓመታት በፊት አንድ ትንሽ ስትሮክ መጥቶ ሸምሶ ሳያውቀው ሄዷል። ሦስታችንም ያቺን ነጥብ አየናት። ከድጄ ጣቷን አስጠግታ ሳትነካት «ያኔ ማንም አላየም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። ሸምሶ በየቀኑ አስፕሪኑንና የግፊት ክኒኑን ይውጣል፣ በየወሩ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ጨው ቀንሱልኝ፣ ቅቤ አታብዙብኝ እያለ ሳሌሃን ያስቸግራል። ሳሌሃም ቅቤ ያልገባበት ክትፎ አልሠራም ብላኝ ነበር፤ በመጨረሻ እሷም ለመደች። ግፊቱ ቀስ እያለ ወረደ። ያቺ ጣት የማትሞላ ዝቅታም ጠፋች።

በሚቀጥለው ዙር፣ የካቲት ላይ፣ ዕረፍቴን ጠብቄ ከድጄን ልከተላት ለመንኳት። ልማር ነው አልኳት፤ እውነቴን ነው። በእንሰቱ መሃል በቀጭኗ መንገድ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች፤ ውሾቹ ጭራቸውን እየቆሉ ይቀበሏታል፣ እኔን ይጮሁብኛል። ከኅዳር ጀምሮ በልቤ የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«እትዬ ከድጄ፣ ሰባተኛው ቤት፣ ዱአ ላይ እጁ የወረደው ሰውዬ፣ ማን ነው የነገረሽ?»

ቆመች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሙሀይሚን፣ ባሌ ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ላይ። ቀበሌው የኔ ነበር፤ ቅጹን ሌላ ቆጣሪ ይሙላልሽ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። የሌላውን ሰው ሐዘን እየጠየቅኩ የራሴን እንዴት እሸሻለሁ? በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ድምፄን አውጥቼ ጠየቅኩ፣ ድምፄን አውጥቼ መለስኩ። አንድ ጎኑ ዝሎ ነበር? አዎ፣ ዱአ ላይ። ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር? አልሄደም። ለምን አልሄደም? ድኖ ነበር እኮ። በጉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ከሁሉ የሰባውን መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ዱአ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።»

አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት። ያቺ ሴት ያን ቅጽ ከሞላች በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህች መንገድ እየተመላለሰች፣ በየበሩ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀች ኖራለች፤ እኔ ደግሞ ከቀብር በኋላ ነው የምትደርሱት ብዬ ቀልጄባታለሁ።

ሸምሶ ቤት ደረስን። በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ከድጄ እንደማታውቀው ሰው ሰላምታ ሰጥታ ተቀመጠች፣ ቅጿን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ ጠየቀች። የተወለደ አለ? የለም። የገባ አለ? የለም። የወጣ አለ? የለም።

«ካለፈው ዙር ወዲህ በዚህ ቤት የሞተ አለ?»

ሸምሶ ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከድጄ እስክሪብቶዋን ይዛ መዳፎቹን ታያለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እየቆጠረች ነው። አሥር አለፈ፣ ሃያም አለፈ፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። እሷ ግን አሁንም ታያለች።

ከዚያ አቀርቅራ «የለም» ብላ ጻፈች። ረዥሙን ቅጽ ከፕላስቲኩ ሳታወጣው ተነሣች፤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን።